መስመር ሰባት

ሐዋን ፍለጋ ነው የወጣሁት በጧት፣
ሐዋ አባ ኦሊን፣ የእናቴን እናት።
ጅማ ሐምሌ ነበር፤ ሰማዩ ተቀዶ፣
አዌቱ ጭቃውን ከዳገት አውርዶ።

ቀበሌው ጓዳ ውስጥ፣ ከምስጥ የተረፈ፣
በጆንያ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ያረፈ፣
የሰባ ስድስቱ የቆጠራ መዝገብ፣
ጠርዙ ሻገት ያለ እንደ ከረመ አይብ።

ጋሽ ሙዘይን በርጩማው ላይ አደላድሎ ጎኑን፣
«ቤት ቁጥሩን ታውቂያለሽ?» አለ፣ ሳያነሳ ዓይኑን።
አላውቅም። መንደራ፤ ቆጪ አጠገብ ብቻ።
«በስም ከሆነማ የክረምት ዘመቻ!
‹ሀ› እኮ ሦስት ነው፤ የዚያ ቆጣሪ እጅ
የቱን እንደወደደ እኔ እንጃ፣ አንቺ ልጅ።»

ሀሌታውን ሀ ይዤ ገጽ በገጽ ወረድሁ፤
በብዙኃኑ ኀ መልሼ ወጣሁ፤
ሐመሩ ሐ ላይ ሁለት ሐዋ አገኘሁ፦
አንዷ የሰማንያ፣ አንዷ የአምስት ዓመት፤
አንዷ እጅግ አርጅታ፣ አንዷ ገና ልጅ ናት።
የቀረው መንደራ ዕድሜው ዜሮ ነው መጨረሻው፤
ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ፣
እንደ ገበያ ዋጋ የተጠጋጋ ሰው።

በሦስተኛው ቀን፣ የረጠበ ገጽ ከገጽ ሳላቅቅ፣
ቤት ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት።
ኃላፊ፦ ይርዳው ወልዴ፣ የጉምሩክ ጸሐፊ።
ሚስት፦ ወርቅያንጥፉ። ልጆች፦ ሦስት።
መስመር ስድስት፦ ሐዋ አባ ኦሊ። ሴት። ሃያ። ትውልድ፣ ዴዶ።
ለኃላፊው ያላት ዝምድና፦ እንግዳ።
መስመር ሰባት፦ ስም፣ ጭረት። ሴት። ዕድሜ፣ ዜሮ።
ዝምድና፦ የእንግዳዋ ልጅ።

እንግዳ!
«መንደራ ቤት ነበረን» ሲባል ነው ያደግሁት፤
ስለ ግቢው ዘይቱን፣ ስለ ቆርቆሮው ጩኸት
ያየሁት ይመስል ለስንቱ ያወራሁት።

መስመር ሰባት ላይ ቀለሙ ድርብ ነው፤
ጽፎ፣ ሰርዞ፣ ደግሞ መልሶ የጻፈው።
ኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፦
«ሬዲዮ ሳይዘጋ ተወለደች። ምስክር፣ አቶ ይርዳው።»

ጋሽ ሙዘይን መነጽሩን አወለቀ።
«ሕጉ እንዲህ ነበር» አለኝ። «ግንቦት ሊብት፣ እኩለ ሌሊት፤
ከዚያ በፊት የመጣ ይቆጠራል፤
ከዚያ በኋላ የመጣ፣ አልመጣም።»

ስንት ዓምድ አለው መዝገቡ! ቋንቋ፣ ሃይማኖት፣ ሽንት ቤት፣
ጣራው ሣር ይሁን ቆርቆሮ፣ ውኃው ከየት፤
በዝናብ ምጥ የያዛት ሴት ስታንኳኳ
በሩን ማን ከፈተ የሚል ዓምድ የለውም።
ማን ልብስ እንዳሞቀ። ማን፣ ደም ያለበት እጁን ሳይታጠብ፣
ከቆጣሪ ጋር ስለ ደቂቃ እንደተከራከረ።

እናቴ ሰማችኝ፣ መርፌው እየሮጠ፣
የስፌት መኪናዋ ድምፁ ሳይቋረጥ።
«አርባ ነኝ ስል ነበር፤ አርባ አንድ ነኝ ለካ!
አንድ ዓመት ሰርቄአለሁ» ብላ ሳቀች።
ቆይታ ፔዳሉን ለቀቀችው።
«እንግዳ ነው የሚለው?»
«አዎ።»
«ታዲያ እናቴ ስትወጣ አመስግናለች?»

ይህንንም መዝገቡ አይልም።

ሐሙስ ሂርማታ ወርዳ ማር ገዛች፣
ነጭ፣ ከነሰፈፉ፤ ዋጋ አልተከራከረችም፣ እሷ!
ሁለት መቶ አሥራ አራትን መንገድ በልቶታል፤
ከተረፈው አጥር ሥር አንድ ልጅ ካርድ ይሸጣል።
ይርዳው? አንዱ ቦንጋ አለን። አንዱ ሞቷል አለን።
አንዲት አሮጊት «የቱ ይርዳው?» ብላ በሩን ዘጋችብን።

ማሩ እቤት ነው፤ አፉ በኮባ ታስሮ፣
ማንም ጣት እንዳያስገባ ተነግሮ።
ነገ ጋሽ ሙዘይን ጋ እመለሳለሁ፤
የሰማንያ ሰባቱን መዝገብ እጠይቃለሁ፣
ይርዳው ወልዴን ፍለጋ።
ደግነቱ በ«ይ» ነው።
«ይ» አንድ ብቻ ነው።